ኤሊና ምክትል አማቱ

ሌላው ሰው ሲጠጣ ይፈጥናል፤ የዳቦ ቤቱ ሾፌር ግን ሲጠጣ ይዘገያል። «ኤሊ» የሚለው ስም የወጣለትም በዚሁ ነው። በደህናው ቀን የዳቦ መኪናዋን እንደ ወፍ ያከንፋታል፤ ሁለት ብርጭቆ ከቀመሰ ግን አስፋልቱ ላይ እንቁላል የተደረደረ ይመስለዋል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቶ፣ እንቁላሎቹ ተነሥተው እስኪሄዱለት የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘው ታዲያ በፍጥነት አይደለም። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ከኋላው በእግሩ መጥቶ ደረሰበት፤ ከመኪናዋ ጎን ጎን እየተራመደ መስኮቱን አንኳኳ።

«ወዴት ነው ጌታው?»

«ወደ ቤቴ።»

«ዛሬ ነው ወይስ ሌላ ቀን?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ» አለ ኤሊ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ትራፊኩ ከልቡ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ መኪናዋን አስቆመና የትንፋሽ መመርመሪያውን አወጣ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። መቀጮ መጣ፣ መንጃ ፈቃዱ ለጥቂት ወራት ታገደ፣ ስሙም ፖሊስ ዘንድ ተመዘገበ።

ሰፈሩ ግን ነገሩን ለጨዋታ ወሰደው። «በእግረኛ የተያዘው ሾፌር» እያለ ተቀባበለው። ዋናው አውሪ ደግሞ ራሱ ኤሊ ነበር፤ በየጊዜው እያሳመረው፣ በስተመጨረሻ የያዘኝ ትራፊክ ያነክስ ነበር፣ ምርኩዝም ነበረው እስከ ማለት ደርሷል። ጥፋቱን ቀልድ ያደረገ ሰው ችግሩ ይሄ ነው፤ ጥሩ ቀልድ ድገመው ድገመው ያሰኛል።

ደገመው። ሁለተኛው ግን አላሳቀም።

ቀኑ ጠራራ ነበር። ኤሊ ዳቦውን አድርሶ ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር «አንዲት ብቻ» ብሎ የተቀመጠበት ወንበር አላስነሣ አለው። ሲነሣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ነዳ። ቀስ ብሎ ጥግ ያዘ፣ ቀስ ብሎ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጣ። መኪናዋም ጉልበቷን እንዳመማት ወይዘሮ ቀስ ብላ የሰፈሩ ጫማ ጠጋኝ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

ጫማ ጠጋኙ በዚያች ደቂቃ ማዶ ካለው ሱቅ ውሃ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ጆጉን ይዞ ሲመለስ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ብቅ ያለውን የበርጩማ እግር ቆሞ አየው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም።

«እዚህ ላይ ነበርኩ እኮ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «አሁን። እዚሁ ላይ።»

ኤሊ ከዚያ ወዲህ ያልቀለደበት ነገር የለም። በርጩማውን ግን አንድም ቀን ለቀልድ አንሥቶት አያውቅም።

ፍርድ ቤት የጠበቁት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው ከላይ የሚያዩ ሴት ዳኛ ነበሩ።

«በመጀመሪያው ጊዜ ሕጉ መክሮዎት ነበር» አሉት። «አሁን ይቀጣዎታል። መንጃ ፈቃድዎ ለአንድ ዓመት ተይዟል። እስራትም ተፈርዶብዎታል፤ እስራቱ ግን በገደብ ነው። በገደብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ተኝቷል ማለት ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«ደህና ብለዋል። ተኝቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ጠጥተው ቢነዱ ይነቃል፤ ሌላ እስራት ይደረብበታል፤ መንጃ ፈቃድዎም እስከ ወዲያኛው ይሰረዛል። ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ወስደው ፈቃዱ ቢመለስልዎትም መኪናው ላይ ትንፋሽ የሚመረምር ማሽን ይገጠማል። እሱ ካልፈቀደ ሞተር አይነሣም።» ከዚያም ጨመሩ፤ «በርጩማው ላይ ሰው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ መንጃ ፈቃድ አልነበረም።»

ቤት ሲገባ ሌላ ችሎት ጠበቀው። ሚስቱ በእናቷ ዳቦ ቤት ባንኮኒ ላይ ቆማ የምትሸጥ፣ መልስ በመስጠት ከሒሳብ ይልቅ የምትፈጥን ሴት ናት።

«ዳኛዋ ሦስተኛ ካለ አሉህ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔ ዳኛ አልጠብቅም። ሦስተኛ ካለ ልብሴን ይዤ እናቴ ቤት ነው የምገባው።»

«እናትሽ እኮ አብረውን ነው የሚኖሩት።»

«እንግዲያው የምትወጣው አንተ ነህ።»

አይፈረድባትም። በትዳራቸው ዘመን ሰውዬው ያልሰጣት ምክንያት አልነበረም። አንዴ የሳል ሽሮፕ ነው አላት። አንዴ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ ነው አላት። አንዴ ደግሞ ሰርግ ቤት የሰከረ ዘመዱ አቅፎ ሲስመው ሽታው እንዴት እንደተጋባበት፣ እጁን እያወናጨፈ አስረዳት።

ያን ዓመት ዳቦ ያደረሰው በእጅ ጋሪ ነው። ቀድሞ በመኪና የሚከንፍበትን መንገድ በእግሩ ለካው፤ የትኛው ጉድጓድ ጎማ እንደሚይዝ፣ የትኛው ዳገት ወገብ እንደሚይዝ አወቀ። መጠጡንም ተወ። ጋሪ ሲገፋ የዋለ ሰው ማታ የሚያምረው አልጋ ነው። ጓደኞቹ «አንዲት ብቻ» እያሉ ሲጠሩት፣ «አንዲቷማ ናት ጋሪ ያስያዘችኝ» እያለ ያልፋቸዋል።

ጫማ ጠጋኙ በርጩማውን በቆዳ ቁራጭ አሥሮ፣ ቸንክሮ፣ እንደገና ተቀምጦበታል። ኤሊ በጠዋት ሲያልፍ አንድ ትኩስ ዳቦ ያቀብለዋል። ሰውዬው መጀመሪያ ሰሞን ዳቦውን አይቶ ፊቱን ያዞር ነበር። በኋላ መቀበል ጀመረ፤ ከዚያም ቆይቶ ማናገር ጀመረ።

«ጋሪው ይሻልሃል» አለው አንድ ቀን።

«ለምን?»

«ሰው ላይ አይቀመጥም።»

ኤሊ ግን መንዳት ናፍቆት ነበር። ጋሪውን እየገፋ በአፉ ማርሽ ይቀይራል። ዳገቱ ሥር ሲደርስ «እርርርም» ብሎ አንደኛ ያስገባል፤ መታጠፊያ ላይ ፍሬቻ እንዳላት ሁሉ «ቲክ ቲክ» ይላል። ሕፃናት እየሳቁ ይከተሉት ነበር፤ ለእሱ ግን ቀልድ አልነበረም፣ መንዳት አምሮት ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ትምህርቱ ገባ። እንደሱው ጠጥተው የተያዙ ሾፌሮች አንድ ክፍል ተሰብስበዋል፤ የሚያስተምረው ማሽኑን መኪና ላይ የሚገጥመው ባለሙያ ነው። ባለሙያው አንድ ሲናገር ኤሊ አንድ ይመርቅበታል፤ ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ሁሉ ትምህርት በልቡ ይዞት የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ነፍቶ ባስነሣው መኪና የነዳ፣ ጠጥቶ እንደነዳ ይቆጠራል።

ማሽኗ መጣችና ከመሪው አጠገብ ተሰቀለች። የስልክ እጀታ ታክላለች፤ ጫፏ ላይ የሚነፋ ቱቦ፣ ከላይ ደግሞ ትንሽ የካሜራ ዓይን አላት። ቁልፉን ከማዞርህ በፊት «እፍ» ትልባታለህ። አረንጓዴ ካበራች ትነዳለህ፤ ቀይ ካበራች ቁጭ ትላለህ። የነፋውን ሰው ፎቶ እያነሣች፣ ያየችውን ሁሉ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ትልካለች። ኤሊ «ምክትል አማቴ» ብሎ ሰየማት።

«አማቴስ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» ይላል። «በጠዋት አፌን ያሸታሉ፣ ፊታቸው ይቀላል፣ ከዚያ ላገር ይናገራሉ።»

ዋናዋ አማት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሰው ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። መጠጥ በከንፈራቸው አልፎ አያውቅም፤ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ላለው መጠጥ ቤት እንኳ «ለእናንተ ዳቦ የለኝም» ብለው ገበያ የመለሱ ሴት ናቸው። የማሽኗን ስም ሲሰሙ አልተቆጡም።

«ምክትል የሚሾመው ዋናው ሥራ ሲበዛበት ነው» አሉ። «ደግ አደረጉ።»

በእማማ ዳቦ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ ከምድጃ የወጣው የመጀመሪያው ትሪ አይሸጥም። ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ፣ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ፣ ጣቱን እያቃጠለው ይበላዋል። «ራሱ ያልቀመሰውን ዳቦ ለሰው የሚሸጥ ጋጋሪ አይባልም» ይላሉ እማማ። ኤሊ ቀድሞ እፍ ብሎ ሞተር ያስነሣል፤ ሞተሩ እስኪሞቅ እሱ ዳቦውን ይበላል። በዚህ አኳኋን ማሽኗና ዳቦው ሳይተዋወቁ ወራት አለፉ።

አንድ ማለዳ ግን እማማ ቁራሻቸውን አፋቸው ውስጥ አገላብጠው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ዳቦው ጭስ ጭስ አለ። የዚች መኪና ጭስ ነው። ከነገ ጀምሮ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ሞተር ይነሣል።»

የእማማ ትእዛዝ ይግባኝ የለውም። በማግስቱ መጀመሪያ ተበላ። ሊጡ ደግሞ በሙቀቱ ከልክ በላይ ቦክቶ ነበርና ዳቦው እርሾ እርሾ ይላል። ኤሊ የመጨረሻውን ጉርሻ ገና ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ጋቢና ገባና እፍ አለ። ቁልፉን ግን አላዞረም።

«ምን ሆነ?» አሉ እማማ ከውጭ።

«ቀላች።»

«ማን?»

«ምክትልዎ።»

ሚስቱ ባንኮኒውን ትታ ወጣች። ከማታ ጀምሮ ጥርሷን አሟት ጉንጯን በሻሽ አሥራለች፤ እንኳን ዳቦ ሊበላላት፣ ነፋስም ይጠዘጥዛት ነበር። ወደ ጋቢናው ወጥታ «አፍህን» አለችው። ከፈተላት። አሸተተች።

«ዳቦ ዳቦ ይላል።»

«ዳቦ ነዋ የበላሁት።»

«ዛሬ ደግሞ ዳቦ ነው?» አለች። ሽሮፑም፣ ሙዙም፣ ሰካራሙ ዘመድም ተሰልፈው በፊቷ ያለፉ ይመስል ነበር።

«አልጠጣሁም። አንቺን ያሳጣኝ።»

«ሊያሳጣህ ነው እኮ።»

እማማ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው መጡ። «ቆይ፣ ይሄ ቀላል ነገር ነው» አሉ። «እኔ እነፋለሁ። አረንጓዴ ካለች ጠጥተሃል፤ ቀይ ካለች ማሽኗ አብዳለች።» ማሽኗ ቀይ ካበራች ለጥቂት ደቂቃ ትቆለፋለችና እንደገና እስክትከፈት መጠበቅ ነበረባቸው። በዚያች መሐል ንዴታቸውን ለማብረድ አንድ ትልቅ ቁራሽ ቆርሰው ጎረሱ። ከዚያ ጋቢና ወጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉንጫቸውን እንደ ኳስ ወጥረው ነፉ።

ቀይ።

ሠራተኛው በሙሉ እማማን አየ። እማማ ማሽኗን አዩ።

«አብዳለች» አሉ።

«ወይም…» አለ ሊጥ አቡኪው፣ ወሬ በአፉ ውስጥ አላድር የሚለው ሰው።

«ወይም ምን?»

«ኧረ ምንም እማማ።»

«ና፣ አንተም ንፋ።»

ነፋ። ቀይ። «የኔ እንኳን የቅዳሜው ሊሆን ይችላል» አለ እየተሽኮረመመ።

በመጨረሻ ሚስቱ ጉንጯን ደግፋ፣ በግማሽ አፏ እፍ አለች። ማሽኗ አረንጓዴ አበራች፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሣ።

«ተመስገን» አሉ እማማ። «በል ንዳ፤ ዳቦው እየቀዘቀዘ ነው።»

ኤሊ መሪውን ያዘ። ሞተሩ ከሥሩ እየተንቀጠቀጠ ይጠራዋል። በሩ ተከፍቷል፤ ከበሩ ወዲያ መንገዱ አለ፤ ከመንገዱ ወዲያ ጫማ ጠጋኙ። ቁልፉን መልሶ አጠፋው።

«በሌላ ሰው ትንፋሽ አልነዳም» አለ። «ከትምህርቱ የያዝኩት ይቺን ብቻ ነው። እሷንም ልጣላት?»

እንደገና ልንፋ እንዳይል ሌላ ቀይ ፈራ። ስለዚህ ወርዶ፣ ከጓሮ የተጣለውን ጋሪ አራግፎ፣ ዳቦውን ጫነና መግፋት ጀመረ። ያን ቀን በአፉ ማርሽ አልቀየረም።

ወሬው ከጋሪው ቀድሞ ደረሰ። ረፋዱ ላይ «እማማ እየደበቁ ይጠጣሉ» ተባለ። አንዷ ጠርሙሱ ዱቄት ጆንያ ውስጥ እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ሌላው እማማ ከምሳ በኋላ ለምን እንደሚያንቀላፉ አሁን ገባው። ምድጃ ፊት ሲቆሙ ጉንጫቸው መቅላቱንም ያስታወሰ አልጠፋም። ዳቦ የተከለከለው የመጠጥ ቤቱ ጌታ ደግሞ ሰው ልኮ፣ «እማማ ሲያሻቸው ይምጡ፤ ጨለም ያለ ጥግ አለን» አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው አፍ ሲያሸቱ የኖሩት ሴትዮ፣ ደንበኛ ሲመጣ ትንፋሻቸውን ይዘው ዳቦ ማቀበል ጀመሩ።

ማሽኗም ያየችውን ልካ ኖሮ ለኤሊ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰው። ሚስቱ ከቁም ሣጥን ላይ ሻንጣ አወረደች። የማን ልብስ እንደሚገባበት ግን አልወሰነችም፤ ባዶውን አልጋው እግር ሥር አስቀመጠችው። ኤሊ በጠዋት ሲነሣ እግሩ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

«ለምንድነው የማትሞይው?» አላት አንድ ቀን።

«ዳቦ አሰከረኝ ብለህ ችሎት ስትቆም ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ እሞላዋለሁ።»

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ ያው እሳቸው ነበሩ፤ መነጽሩም ያው ቦታው ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ነገሩን በጥብቅ ያዘው። ማሽኑ በአንድ ማለዳ ተደጋጋሚ የአልኮል ምልክት እንደመዘገበ፣ ተከሳሹ ሌሎች ሰዎችንም እንዳስነፋ አስረድቶ፣ የተኛው እስራት ይነቃ ዘንድ ጠየቀ። ከዚያ ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ አሳየ።

መጀመሪያ ኤሊ ታየ፣ አንድ ጉንጩ በዳቦ ተወጥሮ። ቀጥሎ እማማ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ አፍንጫቸው ዱቄት ለብሶ። ከዚያ አቡኪው፤ እሱ ካሜራዋን ስላያት ፀጉሩን አስተካክሎ ፈገግ ብሏል። መጨረሻ ላይ ሚስቱ፣ መንጋጋዋን ይዛ። ዳኛዋ ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው አቀረቀሩ። ትከሻቸው ለጥቂት ጊዜ ሲንቀሳቀስ ታየ።

«ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያሉት ማን ናቸው?» አሉ ቀና ብለው።

እማማ ተነሡ። «እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ። እንደምታነሣኝ ባውቅ ፊቴን እታጠብ ነበር።»

«ይጠጣሉ?»

«ውሃ እንኳ የምጠጣው አሽትቼ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቀላብዎት?»

እማማ ተቸገሩ። ማሽኗ እውነቷን ከሆነ እሳቸው ሰካራም ናቸው፤ ከተሳሳተች ያ ቀጣፊ አማቻቸው እውነተኛ ነው። የቱ እንደሚመራቸው ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ክብርት ዳኛ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህ ሰው ውሸታም ነው። ሽሮፕ ብሎናል፣ ሙዝ ብሎናል። የዚያን ቀን ግን እሱ ሰክሮ ከነበረ እኔም ሰክሬ ነበር። እኔ ደግሞ አልሰከርኩም።»

ዳኛዋ ወደ ሚስቱ ዞሩ። «እርስዎ ብቻ አረንጓዴ ሆኑ። ከሌሎቹ ምን ይለይዎታል?»

«ምንም» አለች። «ጥርሴን አሞኝ ነበር። እነሱ ሁሉ ዳቦ በልተዋል፣ እኔ…» እዚህ ላይ አቆመች። ቀስ ብላ ዞራ ባሏን አየችው። በትዳራቸው ዘመን እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም፤ የጠፋ ዕቃ ኪሷ ውስጥ ያገኘች ትመስል ነበር። «እኔ ዳቦ አልበላሁም» አለች።

ለምስክርነት የተጠራው የማሽኑ ባለሙያ ከወንበሩ ተነሣ።

«ክብርት ዳኛ፣ ይህን እኮ አስተምሬዋለሁ። ትኩስ፣ እርሾ የበዛበት ዳቦ በልቶ ወዲያው የነፋ ሰው ሊቀላበት ይችላል። አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ መንፋት ነው። የጠጣ ሰው ከሆነ ቢጉመጠመጥም ይቀላል፤ የዳቦው ግን ይጠፋል።»

«ይህን ሲያስተምሩ ተከሳሹ ነበሩ?»

«ነበሩ። በደንብ ነው የማስታውሰው።» ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ ዳቦው ስጀምር አንድ ነገር ተናግረው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስለ ውሃው የተናገርኩትን የሰማኝ ያለ አይመስለኝም።»

«ምን ነበር የተናገሩት?»

ባለሙያው እማማን በጎን አያቸው። «‹ዳቦ የሚያሰክር ከሆነማ አማቴ የከፈቱት መጠጥ ቤት ነው› ነው ያሉት።»

አዳራሹ ሳቀ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኤሊ ጣሪያውን ያያል፣ እማማ ኤሊን ያያሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው፤ ቃሉ ዞሮ ዞሮ ጌታውን አግኝቶት ነበር።

ዳኛዋ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። «መኪናው ያን ጠዋት ተንቀሳቅሷል?»

«አልተንቀሳቀሰም» አለ ባለሙያው። «በባለቤታቸው ትንፋሽ ተነሥቶ ወዲያው ጠፍቷል።»

«ለምን አጠፉት?» አሉ ወደ ኤሊ ዞረው።

ኤሊ ለቀልድ አፉን ከፈተ፤ ልማድ ነዋ። ከዚያ ዘጋው።

«በርጩማው ትዝ አለኝ፣ ክብርት ዳኛ።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ሲያዩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ጠጥተው ነድተዋል የሚያሰኝ ነገር ስለሌለ ሦስተኛ ጥፋት የለም፤ እስራቱ እንደተኛ ይተኛ። ይሁንና በደንቡ መሠረት ተጉመጥምጦ መልሶ ባለመንፋቱ፣ ማሽኑንም የዳቦ ቤት መጫወቻ በማድረጉ፣ ማሽኗ ከመኪናዋ ሳትወርድ ጥቂት ወራት ትጨምራለች። ትምህርቱንም ይደግማል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ። የመኪናዋ ባለንብረት እማማም ለአንድ ቀን አብረው ይማራሉ። ዳግመኛ በሰው ማሽን ቢነፉ እንደሚጠየቁም በችሎት ተነገራቸው።

«ይህን ያህል ዘመን ስኖር» አሉ እማማ ደረጃውን ሲወርዱ፣ «መንግሥት እፍ እንዳልል ይከለክለኛል አላልኩም።»

በትምህርቱ ቀን እማማ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረ ወፍራም የጭነት መኪና ሾፌር በአክብሮት ጠጋ አለ።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ በምን ተያዙ?»

«በዳቦ።»

ሰውዬው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «ሁላችንም ስንያዝ እንዲሁ ነው ያልነው።»

ኤሊ ያን ቀን አንድም አልቀለደም። አያስፈልግም ነበር።

አሁን መኪናዋ በር ላይ የውሃ ጆግ ተሰቅሏል። የመጀመሪያው ትሪ ወጥቶ ይበላል፤ ከዚያ ሠራተኛው በሙሉ፣ የሚነዳውም የማይነዳውም፣ ግቢው ጥግ ተሰልፎ ይጉመጠመጣል። አቡኪው «እኔ ምን አገባኝ?» ብሎ ነበር፤ እማማ «ያንተማ የቅዳሜው ነው፣ በርትተህ ተጉመጥመጥ» አሉት። ሚስቱ ጥርሷን አስነቅላ እንደ ልቧ ትበላለች። ሻንጣውም የተደራረበ ብርድ ልብስ ተሞልቶ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት ተመልሷል።

«ዳቦ ነው ስልሽ ብታምኚኝ ምን ነበረበት?» አላት ኤሊ፣ ሻንጣውን ሲያነሣላት።

«ሙዙን ባትለኝ ኖሮ አምንህ ነበር።»

ጫማ ጠጋኙም ዳቦው በመኪና መምጣት ሲጀምር መጀመሪያ ጎማውን፣ ቀጥሎ የኤሊን ፊት አየ። በርጩማውን አንሥቶ ከግድግዳው ጋር አስጠጋና ዳቦውን ተቀበለ። ማስጠጋቱን እስከ ዛሬ አልተወም፤ ኤሊም ቅር ብሎት አያውቅም።

የተጨመሩት ወራት ሲያልቁ ባለሙያው መጥቶ ማሽኗን ፈታ። ኤሊ ሽቦዋ ሲነቀል እንደ ታመመ ሰው ዓይኑን ዘወር አደረገ። እማማ ደጃፍ ቆመው፣ «ምክትሌን ወሰዷት» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ዳቦው ተበላ። ኤሊ ወደ ጋቢናው ሲሄድ እማማ በሩን ይዘው ቆመዋል።

«ወዴት ነው?»

«ዳቦ ላደርስ ነዋ።»

«ምክትሏ ስትሄድ ሥራው ወደ ዋናው ይመለሳል» አሉ እማማ። «በል እፍ በል።»

ኤሊ ከጆጉ ተጎነጨ፣ ተጉመጠመጠ፣ ተፋ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ጉንጩን ወጥሮ እፍ አለባቸው። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳይቸኩሉ አሸተቱ።

ሚስቱ ከባንኮኒው ወዲያ አንገቷን አስግጋ ጠየቀች፤ «እማዬ፣ ምን አለ?»

እማማ ከበሩ ዞር አሉለት።

«አረንጓዴ» አሉ።